በደጋን መንገድ የሚያልፈው ጨው፦ ኤሌክትሮሊሲስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምን ያስገኛል?

ከአፋር ቆላ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ደቡብ ወሎ የሚወጣው መንገድ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት በቃሉ ወረዳ የምትገኘውን የደጋን ከተማ ያቋርጣል። በአፍዴራ ሐይቅ ዳርቻ የሚመረተው ጨው ወደ ወሎ ገበያዎች የሚጓጓዘው በዚሁ መስመር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስተው ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ወደ አካባቢው ፋብሪካዎች የሚያመሩ የጭነት ተሽከርካሪዎችም የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። የአካባቢው የውሃ ተቋማትና ፋብሪካዎች ከሚጠቀሙባቸው ግብዓቶች መካከል ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚውለው ክሎሪን፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለሳሙና ሥራ የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳ እንዲሁም ለማንጫ የሚያገለግለው በረኪና ይገኙበታል።

እነዚህ ሦስቱም ኬሚካሎች መሠረታቸው የገበታ ጨው ነው። ጨውን በውሃ አሟሙቶ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ማግኘት ይቻላል። ይሁንና አገራችን ጨው፣ ውሃና ኤሌክትሪክ እያላት ከእነዚህ ኬሚካሎች አብዛኛውን በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ቆይታለች። ጥሬ ዕቃውና ያለቀለት ምርት በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ሲያልፉ በመካከላቸው የጎደለው ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለው የምርት ሂደት ነው። ይህ ጽሑፍ ሂደቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በየትኛው ደረጃ መጀመር እንደሚያዋጣና ከውሳኔ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸውን ነጥቦች ይመለከታል።

ጉዳዩ አሁን ለምን ይነሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የኅብረተሰብ ጤና ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ በ2015 ዓ.ም. ወደ በርካታ የአገሪቱ አካባቢዎች መዛመቱ ይታወሳል። በአማራ ክልልም በቋራ ወረዳ በሚገኘው የበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ስፍራ በተሰበሰቡ ምዕመናን ዘንድ መከሰቱ በወቅቱ ተገልጿል። ኮሌራን ለመከላከል ከሚወሰዱ እርምጃዎች ቀዳሚው የመጠጥ ውሃን በክሎሪን ማከም ነው። የከርሰ ምድር ውሃን በሚጠቀሙ ከተሞች ደግሞ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ስለሆነ ከማጣራት ይልቅ በክሎሪን ማከሙ ዋነኛ፣ አንዳንዴም ብቸኛ የጥራት ጥበቃ ይሆናል። ክሎሪን ካለቀ ውሃው በቧንቧ መውረዱን አያቆምም፤ የሚቋረጠው ጥበቃው ነው። ተጠቃሚው ግን ይህን በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካን ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ ማንኛውም የማከሚያ ኬሚካል በብር የሚጠይቀው ወጪ በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። የከተማ ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ገቢያቸውን የሚሰበስቡት ግን በብር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአቅርቦት ደኅንነት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ሳቢያ ከማዕከል ተቆርጠው ቆይተዋል። በወቅቱ በጤና ተቋማትና በፋብሪካዎች ላይ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። መንገድ ሲዘጋ በከተማው መጋዘን ያለው የክሎሪን ክምችት የስንት ቀን እንደሆነ የመጠየቅ አስፈላጊነት ከዚያ ጊዜ ወዲህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

አራተኛው ምክንያት የኃይል አቅርቦት ነው። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አገሪቱ ይህን ኃይል በየትኛው ምርት ላይ ብታውለው የበለጠ ትጠቀማለች የሚለው ጥያቄ የፖሊሲ ጥያቄ ሆኗል። ኤሌክትሮሊሲስ ደግሞ ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ሸቀጥ ከሚለውጡ ሂደቶች አንዱ ነው።

አዮንና ኤሌክትሮላይት ምንድን ናቸው?

ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እጅግ የተጣራ ውሃም የሚያስተላልፈው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ጥሩ አስተላላፊ ይሆናሉ። ይህ የሆነበት ምክንያት ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ በመሆኑ ነው። ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪኑ በመስጠቱ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፤ ክሎሪኑም ኤሌክትሮን በመቀበሉ አሉታዊ ሙል ይይዛል። እንዲህ ሙል የያዙ ቅንጣቶች አዮን ይባላሉ። በደረቁ ጨው ውስጥ አዮኖቹ በቦታቸው ተጣብቀው የተቀመጡ ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የውሃው ሞለኪዩሎች እያንዳንዱን አዮን ከብበው ስለሚያላቅቁት በነፃነት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። እንዲህ በአዮኖቹ እንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሟሚ ወይም ቅልጥ ኤሌክትሮላይት ይባላል።

አዮን፣ ኤሌክትሮላይት፣ አኖድና ካቶድ የሚሉትን ቃላት ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1834 ነበር። ጨው ኤሌክትሪክ ሳይነካው፣ በመሟሟቱ ብቻ ወደ አዮን እንደሚከፋፈል ያስረዳው ደግሞ ስዊድናዊው ስቫንቴ አርኔየስ ነው። አርኔየስ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1884 ለዶክትሬት ማሟያ ሲያቀርብ መርማሪዎቹ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥተውት ነበር፤ በ1903 ግን በዚሁ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

በጨው ውሃ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ዘንጎች ተነክረው ከቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ምንጭ ጋር ሲገናኙ አዮኖቹ ወደየተቃራኒያቸው ይጓዛሉ። አሉታዊው የክሎሪን አዮን አኖድ ወደሚባለው አዎንታዊ ዘንግ ሄዶ የያዘውን ትርፍ ኤሌክትሮን ይሰጥና የክሎሪን ጋዝ ይሆናል። አዎንታዊው የሶዲየም አዮን በበኩሉ ካቶድ ወደሚባለው አሉታዊ ዘንግ ይሳባል። ይሁን እንጂ በዚያ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ሶዲየሙ ሳይሆን ውሃው ነው፤ ሶዲየም ከውሃ ይልቅ ኤሌክትሮን ለመቀበል እጅግ የሚያዳግተው በመሆኑ ነው። ስለዚህ በካቶዱ ላይ ውሃው ተከፍሎ የሃይድሮጅን ጋዝ ሲወጣ፣ በሟሚው ውስጥ የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ ከሶዲየሙ ጋር ሆኖ ኮስቲክ ሶዳን ይሰጣል። በአጭሩ ከጨው፣ ከውሃና ከኤሌክትሪክ ክሎሪን፣ ኮስቲክ ሶዳና ሃይድሮጅን ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው የፋራዳይ ሕግ ነው። በኤሌክትሮሊሲስ የሚገኘው የምርት መጠን የሚወሰነው በሟሚው ውስጥ ባለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢያልፍ ቢበዛ 1.32 ግራም ክሎሪን ይገኛል። 100 አምፔር ለ10 ሰዓት ቢያልፍ 1.32 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከዚህ በላይ ማግኘት አይቻልም። በመሆኑም ከዚህ ቁጥር በላይ እንደሚያመርት የሚነገርለት መሣሪያ በጨረታ ቢቀርብ የቴክኒክ ኮሚቴው በቀላል ስሌት ሊያጣራው ይችላል። የመሣሪያዎች ልዩነት ለዚያው መጠን ምን ያህል ቮልት ይጠይቃሉ፣ ከሚያልፈውስ ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ በከንቱ ይባክናል በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ በውሃ ተቋማት ደጃፍ የሚመረት ክሎሪን

ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለ ከላካይ ሲቀመጡ በአኖዱ የሚፈጠረው ክሎሪን በካቶዱ ከሚፈጠረው ኮስቲክ ሶዳ ጋር ወዲያውኑ ይዋሃዳል። ውጤቱ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም ቀጠን ያለ በረኪና ነው። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ 0.8 በመቶ ገደማ ክሎሪን ይይዛል። መርዛማ ጋዝ በሲሊንደር ማጓጓዝ አያስፈልግም። ገበያ ላይ ያለው ጠንካራ በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ቶሎ የሚያጣ ሲሆን፣ ይህ ግን በየዕለቱ ተመርቶ በየዕለቱ ስለሚውል የክምችት ብክነቱ አነስተኛ ነው።

በዚህ ዘዴ አንድ ኪሎ ግራም ክሎሪን ለማግኘት ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ጨውና 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በቀን 1 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ የሚያሰራጭና ለእያንዳንዱ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን የሚጨምር ተቋም እንውሰድ። ይህ ውሃ በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢታሰብ ለ20 ሺህ ሰው ይበቃል። ተቋሙ በቀን የሚያስፈልገው ክሎሪን 2 ኪሎ ግራም፣ ለዚህም 7 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ጨውና 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ነው። በቀን 10 ሺህ ሜትር ኩብ ለሚያሰራጭ ተቋም ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ጨውና 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃል። በሌላ አነጋገር አንድ ኩንታል የማይሞላ ጨው የአንድን መካከለኛ ከተማ የቀን ውሃ ያክማል።

በሂደቱ ሳይለወጥ የሚቀረው ጨው የውሃውን ጣዕም ያበላሻል የሚል ሥጋት ይነሳል። ከላይ በተጠቀሰው መጠን ሲሰላ ግን ወደ ውሃው የሚገባው ጨው በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ሰው በምላሱ ሊለየው የሚችለው መጠን በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ በመሆኑ ይህ ሥጋት መሠረት የለውም።

ሌላው የዚህ ደረጃ ጥቅም የኃይል መቆራረጥን መቻሉ ነው። መብራት ሲኖር የተመረተው ፈሳሽ በታንከር ተጠራቅሞ መብራት በማይኖርበት ጊዜ ያገለግላል። ከዚህም በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የሚያመነጨው በባሕርዩ ቀጥተኛ ፍሰት ያለው ኤሌክትሪክ በመሆኑ ለኤሌክትሮሊሲስ በእጅጉ ይስማማል። ከላይ ለተጠቀሰው 2 ኪሎ ግራም ክሎሪን 3 ኪሎ ዋት ያህል አቅም ያለው የፀሐይ ሰሌዳ በቂ ሊሆን ይችላል። ለጤና ጣቢያዎችና ለገጠር የውሃ ተቋማት የሚሆኑ፣ በሊትር 25 ግራም ጨው ተሟሙቶባቸው በሊትር 6 ግራም ክሎሪን የሚሰጡ አነስተኛ መሣሪያዎችም በዓለም ገበያ ይገኛሉ። የጤና ተቋማት ወለልና መሣሪያ ለማጽዳት የሚጠቀሙበትን በረኪናም በዚሁ መንገድ ማግኘት ይችላሉ።

ሆኖም መሣሪያ መግዛት ብቻውን ግብ አይሆንም። የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኙት የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች በካቶዱ ላይ ተጋግረው እንደ ማንቆርቆሪያ ዝቃጭ ይደድራሉ። ስለዚህ ለጨው ማሟሚያ የሚውለው ውሃ አስቀድሞ መለስለስ፣ ዘንጎቹም በየጊዜው በቀጭን አሲድ መታጠብ አለባቸው። የአኖዱ ልባጥ ዕድሜ የተወሰነ በመሆኑ መለወጫው ከወዲሁ በበጀት መያዝ ይኖርበታል። ይህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የመለዋወጫ በጀትና የዕለት መዝገብ ይጠይቃል። መዝገቡ ቢያንስ ጨው ምን ያህል እንደገባ፣ ስንት አምፔር እንዳለፈ፣ በመጨረሻም በነዋሪው ቧንቧ የተለካው ቀሪ ክሎሪን ስንት እንደሆነ ማሳየት አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ክሎሪኑ ከውሃው ጋር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ሊገኝ ይገባል። የሥራው ውጤት የሚለካው በተገዛው መሣሪያ ብዛት ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው።

ጨው ሁሉ አንድ አይደለም

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪቀሰቀስ ድረስ የአገራችን የጨው አቅርቦት በአመዛኙ በአሰብ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍዴራ ዋነኛው ምንጭ ሆኗል። በአፍዴራ የሐይቁ ጨዋማ ውሃ ወደ መድረቂያ ገንዳዎች ተስቦ በፀሐይ ይተናል። እንዲህ የሚገኝ ጨው ለምግብ ቢስማማም ለኤሌክትሮሊሲስ ሲቀርብ ግን ተጨማሪ ማጣራት ይፈልጋል።

በዚህ ረገድ ሦስት አዮኖች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያዎቹ ከላይ የተጠቀሱት ካልሲየምና ማግኒዥየም ናቸው። ሁለተኛው ብሮማይድ ነው፤ በጨው ውስጥ በብዛት ካለ በኤሌክትሮሊሲስ ወቅት ወደ ብሮሜት ስለሚለወጥ የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ሦስተኛው አዮዳይድና አዮዴት ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲይዝ ይገደዳል። ይህ የእንቅርት በሽታን ለመከላከል የተወሰደ ተገቢ እርምጃ ነው። ለኤሌክትሮሊሲስ የሚውለው ጨው ግን አዮዲን ያልተጨመረበት መሆን አለበት። በተለይም በትላልቅ ፋብሪካዎች አዮዲኑ በሜምብሬኑ ውስጥ ተጣርሮ ይጎዳዋል። ስለዚህ ለኢንዱስትሪ የሚውለው ጨው ከምግብ ጨው የተለየ መስፈርት፣ የተለየ ማሸጊያና የተለየ የመቆጣጠሪያ ሰነድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የክሎሪንና የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ

ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች እንዲሁም ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ለማንጻት፣ ጠርሙስ ለማጠብና ሳሙና ለመሥራት ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል። አገራችን በዝዋይ ኮስቲክ ሶዳን ከሶዳ አሽና ከኖራ የማምረት ልምድ ያላት ሲሆን፣ ያ ዘዴ ግን ኤሌክትሮሊሲስ አይደለም፤ ክሎሪንም አያስገኝም።

በዘመናዊው የኤሌክትሮሊሲስ ዘዴ ሁለቱ ዘንጎች አዎንታዊ አዮኖችን ብቻ በሚያሳልፍ ሜምብሬን ይለያያሉ። ሶዲየሙ ወደ ካቶዱ ክፍል ሲሻገር የክሎሪን አዮኑ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳና ንጹሕ ክሎሪን ለየብቻ ይገኛሉ። አንድ ቶን ክሎሪን ለማምረት 1.7 ቶን ያህል ጨውና ከ2 ነጥብ 2 እስከ 2 ነጥብ 5 ሜጋ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ከዚሁ ጋር 1.13 ቶን ኮስቲክ ሶዳና 28 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ይገኛሉ። በሜርኩሪ ይሠራ የነበረው የቀድሞው ዘዴ በሚናማታ ስምምነት መሠረት እስከ እ.ኤ.አ. 2025 እንዲቀር የተወሰነ በመሆኑ፣ በርካሽ የሚቀርብ ያገለገለ የሜርኩሪ ፋብሪካ በምንም መልኩ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

የዚህ ኢንዱስትሪ ዋናው ፈተና ቴክኖሎጂው ሳይሆን ሚዛኑ ነው። አዮኖቹ በእኩል ቁጥር ስለሚንቀሳቀሱ ኮስቲክ ሶዳን ብቻ ማምረት አይቻልም። ኮስቲክ ሶዳ የሚያመርት ፋብሪካ ወደደም ጠላም ክሎሪን ያመርታል። ኮስቲክ ሶዳ በከረጢትና በታንከር ለሩቅ ገበያ ይጓዛል፤ ክሎሪን ግን ከአየር የሚከብድ መርዛማ ጋዝ በመሆኑ በቅርብ መዋል አለበት። የአካባቢው የመጠጥ ውሃ ፍላጎት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከላይ እንደተሰላው በቀን 10 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ለማከም የሚያስፈልገው ክሎሪን 20 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አነስተኛ የሚባል የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ግን በቀን ብዙ ቶን ክሎሪን ያወጣል። ስለዚህ ትርፉ ክሎሪን ወደ በረኪና፣ ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወይም ወደ ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚለወጥበትና የሚሸጥበት ገበያ አስቀድሞ ካልታወቀ ፋብሪካው በኮስቲክ ሶዳ ፍላጎት ብቻ ሊሠራ አይችልም። የአዋጭነት ጥናት በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው።

የኃይል ጥራትም ሌላው ጉዳይ ነው። የበረኪና ማምረቻ መቆራረጥን ይችላል ተብሏል። የሜምብሬን ፋብሪካ ግን ድንገተኛ መቋረጥ ሲደጋገምበት ዘንጎቹና ሜምብሬኑ ይጎዳሉ። በመሆኑም የግድቡ መመረቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኃይሉ ኮምቦልቻ ድረስ ሳይቆራረጥ የሚደርስበት የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመር ወሳኝ ይሆናል።

ቦርከናና የደኅንነት ጉዳይ

ቦርከና ወንዝ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይፈሳል። በኮምቦልቻ ወደ ቦርከና በሚገቡ ጅረቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮሚየምን ጨምሮ የከባድ ብረቶች ብክለት መኖሩን አሳይተዋል። በታችኛው ተፋሰስ ያለው አርሶ አደር በዚህ ውሃ ያለማል፤ ከብቱንም ያጠጣል።

አዮን ተኮር ዕይታ እዚህም ያስፈልጋል። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ባለ ሦስት ሙል ክሮሚየም ሲሆን መርዛማነቱ አነስተኛ ነው። ይህ ክሮሚየም ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ግን እጅግ መርዛማ ወደሆነው ባለ ስድስት ሙል ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የበረኪና ፍሳሽና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሳይታከሙ በአንድ ቦይ እንዳይገናኙ መጠንቀቅ ይገባል። በሌላ በኩል ኤሌክትሮሊሲስ ራሱ ለፍሳሽ ማጣሪያ ያገለግላል። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ በአኖድነት ሲገባ የሚለቃቸው አዮኖች ቀለሙንና ከባድ ብረቱን ይዘው ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ግን ተሰብስቦ በአግባቡ ካልተወገደ ብክለቱ ከወንዝ ወደ መሬት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ሃይድሮጅንም ችላ ሊባል አይገባም። 2 ኪሎ ግራም ክሎሪን ሲመረት 56 ግራም ሃይድሮጅን፣ ማለትም ከ600 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 በመቶ በላይ ሲቀላቀል ተቀጣጣይ ስለሚሆን መሣሪያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊተከል አይችልም፤ ጋዙ በቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል።

ስለ ማዳበሪያስ?

ውሃን በኤሌክትሮሊሲስ ከፍሎ ከሚገኝ ሃይድሮጅን አሞኒያ፣ ከአሞኒያም ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ በቅርብ ዓመታት ጎልቷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1960 በአስዋን በከፈተችው ኪማ በተባለው ፋብሪካ ከዓባይ ውሃ በመነጨ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን እያመረተች ማዳበሪያ ስትሠራ ቆይታለች፤ ኋላ ግን ፋብሪካው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛውሯል። ምክንያቱን ከቁጥሩ መረዳት ይቻላል። አንድ ቶን አሞኒያ በኤሌክትሪክ ለማምረት 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አገራችንም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈራረመችው፣ በ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በጎዴ የሚገነባውና በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ የሚመሠረተው በተፈጥሮ ጋዝ ላይ ነው። ስለዚህ ለደሴና ለኮምቦልቻ አካባቢ ቅርቡ ጉዳይ ማዳበሪያ ሳይሆን ጨው ነው።

ምን ይጠበቃል?

ከላይ የቀረበው ትንታኔ የሚያመለክተው ቅደም ተከተልን ነው። በውሃ ተቋማት ደረጃ የሚመረት ክሎሪን አነስተኛ መዋዕለ ንዋይ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክና ከኩንታል ያነሰ ጨው ስለሚጠይቅ የትልቁን ፋብሪካ ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። የክልሉ ውሃና ኢነርጂ ቢሮና የከተሞቹ የውሃ አገልግሎቶች በተመረጡ ተቋማት ሙከራ ቢጀምሩ፣ የአንድ ዓመት መዝገብ ከውጭ ከሚገዛው ክሎሪን ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ውሳኔው በማስረጃ ሊመራ ይችላል። መሣሪያውና መለዋወጫው ራሳቸው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ንጽጽሩ የምንዛሪ ወጪያቸውንም ማካተት አለበት። ሙከራው የተለመደውን የክሎሪን ክምችት ወዲያው የሚተካ ሳይሆን ጎን ለጎን የሚሄድ መሆን ይኖርበታል።

በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ የሚያስተምረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የአፍዴራን ጨው የአዮን ይዘት በመለካት፣ ባለሙያዎችን በማሠልጠንና የመለዋወጫ ጥገና አቅም በመፍጠር ድርሻውን ሊወጣ ይችላል። የጨው መስፈርት የሚያወጡ አካላትም የኢንዱስትሪ ጨው ከምግብ ጨው የሚለይበትን ሥርዓት ግልጽ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የትልቁ ፋብሪካ ጉዳይ ግን የክሎሪን ገበያ፣ የኃይል ጥራትና የቦርከና ጥበቃ በጥናት ሲመለሱ የሚወሰን ይሆናል።

በደጋን በኩል ጨው ማለፉን አያቋርጥም። የሚመለከታቸው አካላት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ከዚያ ጨው ጥቂት ኪሎ ግራሙ በየዕለቱ በአካባቢው የውሃ ተቋም ደጃፍ ወርዶ የነዋሪውን ውሃ መጠበቅ የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው ነው።